የእንግዶቹን ማደሪያ ጠባቂ ማን ጠየቀው?

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ ያልተማረ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል በመካከላችን የለም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው፣ አይተውት ያለፉትን ካህንና ሌዋዊ፣ ቁስሉን በዘይትና በወይን ያከመለትን ሳምራዊ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በድራማም ሠርተነዋል። ሳምራዊውን ለመሆን የማይሻማ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ወንበዴዎቹን ለመሆንም እንዲሁ። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ማንም «እኔ ልሁን» ብሎ እጁን ያላወጣለት አንድ ሰው አለ። እርሱም የእንግዶቹ ማደሪያ ጠባቂ ነው። ሳምራዊው በማግሥቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ሲቀጥል ቁስለኛው የቀረው ከዚህ ሰው ጋር ነበር። ሌሊት ሲያቃስት የሚሰማው፣ ጨርቁን የሚለውጥለት፣ ውኃ የሚያቀርብለት፣ ምናልባትም «ይህ ሰው በእጄ ቢሞትብኝስ?» እያለ እንቅልፍ የሚያጣው እርሱ ነው።

መምህሮቻችን ይህን ታሪክ በምሥጢር ሲተረጉሙልን ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባቂው መምህራነ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ መሆናቸውን አስተምረውናል። ያን ትርጓሜ እናከብራለን፤ ልንጨምርበትም ልንቀንስበትም ዕውቀቱ የለንም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ተራውን፣ ላይ ላዩን ያለውን ንባብ ነው። በሽተኛ ተቀብሎ የሚያስታምም ሰው የራሱ ነፍስ ስትዝልበት ጠያቂው ማን ነው? ደክሞኛል፣ ጨንቆኛል ቢልስ በደለ ወይስ እውነት ተናገረ? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ያገኘነው ከራሳችን ጥፋት ስለሆነ ጥፋቱን አስቀድመን እንናገራለን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ ሀገራችን መግባቱ ሲነገር አብዛኞቻችን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተሰማ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል በየቤታችን ሆነን አከበርን። ከበሮው በዕቃ ቤት ተቆልፎበት፣ ነጠላችንን ለብሰን በቴሌቪዥን ፊት የቆምንበት ሌሊት እንዲህ በቀላሉ የሚረሳን አይደለም።

ቃሊቲ ደግሞ መንገደኛ የበዛበት ሰፈር ነው። ከጂቡቲ የሚመጣው የጭነት መኪና፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚወርደው ሕዝብ፣ በየፈረቃው ከፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛ ሁሉ በደጃችን ያልፋል። በዚያን ወራት በሽታውን ሹፌሮች ከጂቡቲ ይዘውት ይመጣሉ ስለተባለ፣ አባቱ ከባድ መኪና የሚነዳ ልጅ በሰፈር ውስጥ ብቻውን ኳስ ሲያንከባልል አይተናል። ከሹፌሮቹ ቀጥሎ የተፈሩት ደግሞ በሕክምና ሥራ ላይ ያሉት ነበሩ።

በመዝሙር ክፍላችን አንዲት ታላቅ እኅት ነበረችን። ስሟን አንጠራም፤ እርሷም እንዲጠራ አትፈልግም። ከእኛ በዐሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች፤ ዜማ ሲጠፋን ያለ ቁጣ የምታቀናን እርሷ ነበረች። ሙያዋ ነርስ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከምትሠራበት ቦታ ተመርጣ የኮሮና ሕሙማን ወደሚታከሙበት ማዕከል ተላከች። የሥራ ተራዋን ጨርሳ፣ ተለይታ የምትቆይባቸውን ቀናት ቆጥራ፣ ተመርምራ ነፃ ከተባለች በኋላ ወደ ተከራየችበት ግቢ ስትመለስ ያገኘችው ግን ሌላ ነገር ነው። ቧንቧውን ሌሎች ከቀዱ በኋላ እንድትጠቀም ተነገራት፤ ልብሷን በግቢው ገመድ ላይ እንዳታሰጣ ተባለች፤ በኋላም ቤቱ ለዘመድ እንደተፈለገና እንድትለቅ ተጠየቀች። እንዲህ ያለው ነገር በእርሷ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በየሀገሩ ብዙ የሕክምና ሠራተኞችን ያገኘ ነው።

እኛስ ምን አደረግን? አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከዛፍ ሥር ቆማ አየናት። ከሩቅ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ሰላምታ ሰጠናትና ወደ ሌላው ደጅ ዞርን። ይኸው ነው። ማናችንም አልተሳደብንም፤ ማናችንም ክፉ ነገር አልተናገርንም። ከዚያ በኋላ ግን መምጣት ተወች። ማኅበራችን እንደገና መሰብሰብ ሲጀምር «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ተባባልን። ዓመታት አለፉ።

ይህን ጽሑፍ በረቂቅ ሳለ ስንወያይበት ከመካከላችን አንዱ ወንድም «እኛ እኮ ልጆች ነበርን፤ መራቅም ታዘን ነው የራቅነው። ትእዛዝ መፈጸም ከመቼ ወዲህ ነው በደል የሆነው?» ሲል ተቃወመ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በእርግጥ መራራቁ ተገቢ ነበር፤ እርሷም ብትሆን በዚያን ቀን ቀርበን ብንጨብጣት ትቆጣን ነበር። ያ ወንድም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥፋታችን ከዚህ ላይ አይደለም። ሁለት ሜትር ራቁ ተባልን እንጂ ስልክ አትደውሉ አልተባልንም። በሽታውን ለመከላከል የተሰጠንን ርቀት ለልባችንም ወሰድነው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ስም አለው።

በዚያን ጊዜ በሕክምና ማዕከላት ውስጥ ያለው ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ብዙዎቻችን ያወቅነው በኋላ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተላኩት ወደ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር፤ የአእምሮ ሕክምናም የሚሰጥበት ቤት ነው። ቀጥሎ የኢትዮጵያን ሚሌኒየም ለማክበር የተሠራው ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት ሆስፒታል ሆነ። ሠርግና ጭፈራ የለመደ ጣሪያ የሕሙማንን ሳል ሰማ። ሠራተኞቹ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ልብስ ለብሰው፣ መነጽሩ በላብ ጉም እየለበሰባቸው፣ ልብሱን አውልቆ እንደገና ለመልበስ ስለሚያስቸግር ውኃ ሳይጠጡ፣ መፀዳጃ ቤት ሳይሄዱ ለሰዓታት ይቆሙ ነበር። በሽታው የገባው በዐቢይ ጾም ነውና እኅታችን እንዳለችው የማይጾመውም ሠራተኛ በግድ ጾመ።

ይህ የሥጋ ድካም ነው፤ ሰው ተኝቶ ሲነሣ ሊለቀው ይችላል። የነፍሱ ግን ሌላ ነው። በሽተኛውን ዘመድ አያየውም፤ ልጅ እናቱን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ አያስታምምም። እኛ ኢትዮጵያውያን ስንታመም ጠያቂ ካልከበበን፣ ስንሞት ሬሳችንን ዘመድ ካልከፈነን ሞታችን ሞት አይመስለንም። በዚያን ጊዜ ይህ ሁሉ በነርሷ ላይ ወደቀ። እጅ የምትይዘው እርሷ፣ የመጨረሻውን ቃል የምትሰማው እርሷ፣ ለቤተ ሰብ የምትደውለው እርሷ። ኦክስጅኑ ወይም የመተንፈሻ መሣሪያው አንድ ሆኖ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ሲሆኑስ? ከሕክምና መምህራን አንደበት እንደሰማነው ሐኪም ሆኖ ሰው ሲሞት ማየት የሙያው አካል ነው፤ «ብችል ኖሮ አድነው ነበር፤ ግን መሣሪያ አልነበረኝም» እያሉ ማየት ግን ኅሊናን ያቆስላል። ጥፋት ሳያጠፉ የጥፋተኝነት ስሜት መሸከም ማለት ይህ ነው።

በክፍለ ከተማችን የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስያሜውን ያገኘው ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘችበት ድል ነው። በደጁ ባለፍን ቁጥር አንድ ነገር ይመጣብናል። ሯጭ ስንት ዙር እንደቀረው ያውቃል፤ ደወሉ ሲደወል የመጨረሻው ዙር እንደሆነ ገብቶት ያለውን ኃይል ሁሉ ያወጣል። የኮሮና ዘመን የሕክምና ሠራተኞች ግን ስንት ዙር እንደቀራቸው የሚነግራቸው አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በሽታው በገባ በዓመቱ በዚያው ዕለት፣ ክትባቱ በየካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ፤ ለክትባቱ ቅድሚያ ከተሰጣቸውም ዋነኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን የተናገረው ግን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚህ መካከል ሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በጦርነት ነደደ፤ ቁስለኛውም ወደዚያው ወደ ደከመው እጅ መጣ።

ይኸው ድርጅት በገመተው መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ ብቻ በመላው ዓለም ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በኮሮና ሞተዋል። ይህ የሞቱት ቁጥር ነው። ሳይሞቱ የተሰበሩትን መቁጠር የበለጠ ያስቸግራል። በሀገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም ጭንቀት፣ ድባቴና እንቅልፍ ማጣት በሠራተኞቹ ዘንድ በርክቶ እንደነበር ገልጸዋል። በኒው ዮርክ ከተማ የአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበረችው ዶክተር ሎርና ብሪን ራሷ በበሽታው ታማ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በገዛ እጇ ሕይወቷ አለፈ። ቤተ ሰቦቿ እንደተናገሩት ርዳታ ብትጠይቅ የሙያ ፈቃዷን የምታጣ መስሏት ትፈራ ነበር። አሜሪካኖች ከሁለት ዓመት በኋላ የሕክምና ሠራተኞችን አእምሮ ጤና የሚጠብቅ ሕግ በስሟ አወጡ። ሐኪም ሆና ሐኪም ዘንድ ለመሄድ መፍራቷ ያሳዝናል፤ ደግሞም ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም።

ለምን ቢባል በእኛ ዘንድ ያለው ፍርሃት ከፈቃድ ወረቀት የከፋ ነውና። በሰንበት ትምህርት ቤታችን «ጨንቆኛል» ያለ ሰው ወዲያው የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። ጸሎት አንሶህ ነው፤ ጾም አንሶህ ነው፤ እምነት ጎድሎህ ነው። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እኛው ነን። ጸሎት ኃይል እንዳለው እናምናለን፤ የምንጽፈውም ይህን ለመንካት አይደለም። ነገር ግን እስቲ ነቢዩ ኤልያስን እንመልከተው። እሳት ከሰማይ ያወረደ፣ ዝናብ የከለከለና ያዘነበ ነቢይ ከቀርሜሎስ ድል በኋላ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እምነት ጎድሎት ነው እንበል? ኤልያስን እንዲህ ለማለት የሚደፍር ካለ እጁን ያውጣ። ከዚያስ እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። በመጀመሪያ እንዲተኛ ተወው። መልአኩ ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ መንገዱ እንደሚበዛበት ነገረውና እንደገና አበላው። «ምን ታደርጋለህ በዚህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከእንቅልፉና ከመብሉ፣ ከአርባ ቀንም መንገድ በኋላ ነው። እኛ ግን ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን፤ ጥያቄውን እናስቀድምና እንጎቻውን እንረሳዋለን።

እኅታችን ጸበል ተጠምቃለች። እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሄደችው ወደዚያ ነው፤ መጽናናትም አግኝታለች። ቀጥላ ደግሞ ወደ አእምሮ ሐኪም ሄደች፤ መድኃኒትም ታዘዘላት። ይህን ሁለተኛውን ለማንም አልተናገረችም፤ በተለይ ለእኛ። «ጸበሉን ናቀች» እንዳንል ሰግታ ነበር። ይህ ስጋት መሠረት ባይኖረው ኖሮ ደስ ባለን፤ ግን ሳንል የምንቀር አይመስለንም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ይኸው ክርክር ተነሥቶ ብዙ ሰው ጸበል ገብቻለሁ እያለ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ምእመናን ሁለቱንም እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። ለሥጋ የተፈቀደ ለአእምሮ የሚከለከልበትን ምክንያት እኛ አላገኘነውም። ወንጌላዊው ሉቃስስ ባለ መድኃኒት አልነበረምን?

አሁን ደግሞ ወደ ከበደው ክርክር እንምጣ። ሰማዕትነትን የምታከብር ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነንና አንዳንዶቻችን እንዲህ ብለን እናስባለን። ሕሙማንን በማስታመም የሚደርስ መከራ ቅዱስ መከራ ነው፤ ታዲያ ስለምን «አረፍ በሉ፣ ርዳታ ፈልጉ» ይባላሉ? በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ታላቅ ቸነፈር በተነሣ ጊዜ አሥራ አራተኛው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ዲዮናስዮስ ስለዚያ ዘመን ክርስቲያኖች የጻፈው መልእክት በአውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። አሕዛብ የታመመውን ዘመዳቸውን ሳይቀር በመንገድ ሲጥሉ ክርስቲያኖች ግን ያስታምሙ እንደነበር፣ ብዙዎችም በሽታው ተጋብቶባቸው እንደሞቱ፣ ይህም ሞት ከሰማዕትነት እንደማያንስ ይመሰክራል። ድንቅ ምስክርነት ነው። የሕክምና ሠራተኞቻችንንም በዚህ መስተዋት ብናያቸው ስሕተት አይሆንም።

ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ብናየው የእስክንድርያ ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው ይተካኩ ነበር። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሣ ነበር፤ የወደቀውንም የሚያነሣው፣ የሚያጥበው፣ የሚገንዘው ያው ማኅበሩ ነበር። ቀሪው ሕዝብ በር ዘግቶ ጥቂቶቹን «ሰማዕታት» እያለ አላመሰገነም። ሰማዕት የሚሆን ሰው ራሱ ወዶ ይሆናል እንጂ ሌላ ሰው በእርሱ ላይ አይፈርድበትም። በውክልና ሰማዕትነት የለም። እኛ ቤታችን ተቀምጠን «እናንተ ጀግኖች ናችሁ» ያልናቸው ጊዜ ምን ማለታችን እንደነበር መለስ ብለን ብንመረምር፣ ከምስጋናው ሥር ሌላ ነገር እናገኛለን። ጀግና አይደክምም። ጀግና አያለቅስም። ጀግና ተብሎ የተጠራ ሰው «ከአቅሜ በላይ ሆነ» የሚልበት አንደበት ይዘጋበታል። ስለዚህ ያ ስም ለእነርሱ ካባ፣ ለእኛ ደግሞ የዕዳ መሰረዣ ሆነ።

«ደመወዝ ይከፈላቸው የለም? ምለው የገቡበት ሙያ አይደለም?» የሚልም አለ። ለዚህ ረዥም መልስ አያስፈልግም። የማደሪያው ጠባቂም ሁለት ዲናር ተከፍሎታል። ሳምራዊው ግን ከፍዬአለሁ ብሎ አልጨረሰም፤ ከዚህ በላይ የምታወጣውን እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው። ጠባቂው ከተከፈለው በላይ ሊያወጣ እንደሚችል አስቀድሞ አወቀለት ማለት ነው። እኛ በሁለቱ ዲናር ላይ ቆምን፤ የመመለሱን ተስፋ አላነበብነውም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ጥያቄ አንሥተው ነገሩ ሥራ እስከ ማቆም በደረሰ ጊዜ ከአምስት ዓመት በፊት ጀግና ይላቸው የነበረው አፍ «ሐኪም እንዴት ገንዘብ ይጠይቃል?» ሲል ሰምተናል። የሥራ ማቆሙን ልክነትና ስሕተት መበየን የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም፤ በዚያም ጊዜ በመካከላችን አንድ አሳብ አልነበረም። በሽተኛው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄም እውነተኛ ጥያቄ ነው። የገረመን የምስጋናው ዕድሜ ማጠሩ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው ደመወዝ ማሻሻል፣ የሥራ ፈረቃን ማስተካከል፣ በየሆስፒታሉ ለሠራተኛው የምክር አገልግሎት ማቆም የመንግሥትና የአሠሪዎች ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን ሲገልጸው የግለሰቡ በሽታ ብሎ ሳይሆን መፍትሔ ያላገኘ የሥራ ቦታ ጫና ያመጣው ነገር ብሎ ነው። ይህ ታላቅ ቁም ነገር ነው፤ ድካሙ የነርሷ ጠባይ ጉድለት አይደለም ማለት ነውና። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ይህን የምናስተካክልበት ሥልጣን የለንም። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የማይሸፍነው ቦታ አለ። የለቅሶ ድንኳን ለሟች ቤተ ሰብ ይተከላል፤ ዕድሩ ወንበር ያወጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። በእጇ ሃያ ሰው የሞተባት ነርስ ግን የማን ሐዘንተኛ ናት? ድንኳን የላት፣ ሰልስት የላት፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚላት የላት። ባህላችን ለሐዘን ካዘጋጀው ሥርዓት ውስጥ ለእርሷ የሚሆን አንቀጽ አላገኘንም።

የኅዳርን በሽታ አያቶቻችን ከወላጆቻቸው ሰምተው ያወሩልናል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን በኅዳር ወር ሲመታት ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝብ አልቋል፤ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል ኅዳር ታጠነ የምንለው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው። በቃሊቲ ጢሱ ከፋብሪካውና ከከባድ መኪናው ጢስ ጋር ተቀላቅሎ የትኛው የበሽታ ማባረሪያ፣ የትኛው በሽታ አምጪ እንደሆነ መለየት ያቅታል፤ ይህ በመንገዳችን ላይ ያነሣነው ነው። ልንል የፈለግነው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ጢሱን አልረሳነውም። ያስታመሙትን ግን ማን ያውቃቸዋል?

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ መገኘቱ ተነገረ። በዚያ ሳምንት ጉባኤያችን ላይ ስለ በሽታው ስንነጋገር አንዲት ታናሽ እኅት «ያቺ መዝሙር የምታስጠናን ነርስ ግን የት ደረሰች?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ዝም አልን። ከመካከላችን ስልኳን ያልጣለ አንድ ሰው ተገኘ።

ኅዳር 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ማምሻውን አምስት ሆነን ሄድን። አሁን የምትኖረው ሌላ ሰፈር ነው። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ አላወቀችንም፤ አድገናል። ዓርብ ስለነበር ዳቦና ቡና አቀረበችልን። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀነውን ንግግር ከመካከላችን አንደበተ ርቱዕ የተባለው ወንድም ጀምሮ መጨረስ አቃተው። እርሷ ግን «ተዉት፤ እናንተ ልጆች ነበራችሁ። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረችው እርሷ ናት። ለቤተ ሰብ መርዶ የመደወሉ ሥራ ብዙ ጊዜ በእርሷ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ድምፅሽ ለስላሳ ነው ብለው። አንዲት እናት ስልኩን አንሥተው ገና ሳትነግራቸው «ልጄ፣ በላልሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት። ምን እንደመለሰች አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ለምን መዘመር እንደተወችም ነገረችን። መዝሙር ስትጀምርና ትንፋሽ ለመውሰድ ስታቆም በዚያች ዕረፍት ውስጥ የመተንፈሻ መሣሪያው ድምፅ ይመጣባታል። ትንፋሿ የሚያልቅ ይመስላታል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን የምትቆመው ከኋላ ነው፤ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። እኛ እርሷ የቀረችው በእኛ ምክንያት ብቻ መስሎን ነበር። ከፊሉ እውነት ነው፤ ዋነኛው ግን እኛ ፈጽሞ ያልጠረጠርነው ነበር፤ ብንጠይቃት ኖሮ ያኔ እናውቀው ነበር።

ልንነሣ ስንል የመዝሙር ልምምድ አሁንም ቅዳሜ በ9 ሰዓት መሆኑን ጠየቀችን። ወደ 8 ሰዓት መዛወሩን ነገርናት። «ይህን ቅዳሜ ተረኛ ነኝ። የሚቀጥለውን ግን እንጃ፣ እመጣ ይሆናል። ለመዘመር አይደለም፤ ለመስማት» አለች።

በተባለው ቅዳሜ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ጠበቅናት፤ አልመጣችም። ደወልንላት።